ብሶትና ጨዋታ፦ በጋራ ደስታ መካከል የግል ምሬትን ማፍሰስ ይገባልን?

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጉም መጠጥ ምላስን ይፈታል ማለት ብቻ አይደለም። ሰው በውስጡ አምቆ የያዘው ነገር ሁሉ መውጫ ቀዳዳ እንደሚፈልግ፣ ቀዳዳውንም ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አስቦ በመረጠው ስፍራ ሳይሆን ጥበቃው በላላበት ስፍራ እንደሆነ ያመለክታል። ከብቅል ባልተናነሰ ሁኔታ የልብን መዝጊያ የሚፈታ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ጨዋታ ነው። ሰው ሲጫወት ዘብ መቆሙን ይተዋል፤ ዘቡ ሲነሣ ደግሞ በጓዳ የተቀመጠው ሁሉ ወደ አደባባይ ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ሰዎች ለጋራ ደስታ በተሰበሰቡበት፣ እያንዳንዱም የሌላ ሰው ስምና ጠባይ ለብሶ በሚጫወትበት ማኅበር ውስጥ፣ የግል ብሶትንና የግል አስተያየትን ማፍሰስ ተገቢ ነውን? ጥያቄው በኮምፒዩተርና በስልክ አማካይነት ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚጫወቱ ወጣቶችን በቀጥታ ይመለከታል። ይሁን እንጂ መዘምራን ለልምምድ፣ ጎረቤታሞች ለቡና፣ ባልንጀሮች ለወግ በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ያው ጥያቄ አለና ማንኛችንም «እኔን አይመለከተኝም» ልንል አንችልም።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ይህን ዓይነት ጨዋታ ስለማናውቀው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1974 ዓ.ም. ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ ሌላው ካህን፣ ሦስተኛው ጠንቋይ ወይም ሌባ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ የሚኖሩበትን ምናባዊ ዓለም ይተርካል፤ የሚያጠራጥረውንም ነገር ዳይ በመወርወር ይወስናሉ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል የቀጠለው «መድ» የተባለ ፕሮግራም ተሠራ። በዚያ ፕሮግራም በየኮምፒዩተራቸው ፊት የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይገናኙ ጀመር። ሥዕል አልነበረውም፤ ቤቱም፣ ጫካውም፣ ሰላምታውም፣ ጠቡም በጽሑፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ያሉ በ2004 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ የወጡ ጨዋታዎች ይህንኑ በሥዕልና በድምፅ አስጊጠው በብዙ አገሮች አስፋፍተውታል።

የዚህ ጨዋታ ተሳታፊዎች አንድ መሠረታዊ ልዩነት ያውቃሉ። በለበሱት ገጸ ባሕርይ አፍ የሚናገሩት አለ፤ በራሳቸው በተጫዋቾቹ ስም የሚናገሩትም አለ። ተዋጊው «እገድልሃለሁ» ሲል ተጫዋቹ ሰውን አልዛተም። በመድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ ፍርዱ ማንንም እንደማያስር ሁሉ፣ በዚህም ስፍራ ቃል የሚመዘነው በስምምነት ነው። ሁሉም ጨዋታ መሆኑን ስለሚያውቁ የሚናገሩት ልብ ወለድ ሐሰት አይባልም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ወሰን ሲደፈርስ ነው፤ በቤቱ ወይም በሥራ ቦታው የተበደለ ሰው በገጸ ባሕርዩ አፍ የራሱን ምሬት ሲናገር፣ ወይም ጭንብሉን አውልቆ ጥሎ ጨዋታውን የስሞታ ሸንጎ ሲያደርገው ማለታችን ነው።

ጨዋታ መልካም ነገር ነው

አንዳንድ ወላጆች ነገሩን በአጭሩ ለመቁረጥ «ድሮውንስ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ጊዜ ማጥፋት ለምን?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ግን በቤተ ክርስቲያን ታላላቅ መምህራን ዘንድ ቀደም ብሎ የተሰጠ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ከጥንት አባቶች የተወረሰ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ተሰናከሉ። ዮሐንስም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ሰው ፍላጻ እንዲወረውር አዘዘው፤ ደጋግሞ ከወረወረ በኋላ ይህን ያለ ማቋረጥ ሊያደርግ ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬውም እንዲህ ቢያደርግ ቀስቱ እንደሚሰበር መለሰለት። ዮሐንስም የሰው አእምሮ ከውጥረቱ ፈጽሞ ካልላላ እንደዚሁ እንደሚሰበር አስረዳቸው።

ቅዱስ ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ ጨዋታ ለነፍስ ዕረፍት መሆኑን፣ በልክ መጫወትም የራሱ ምግባር እንዳለው ያስተምራል፤ ሦስት ጥንቃቄዎችንም ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ደስታው በነውረኛ ወይም ሰውን በሚጎዳ ቃልና ድርጊት አይፈለግ። ሁለተኛ፣ አእምሮ ሚዛኑን ፈጽሞ አይልቀቅ። ሦስተኛ፣ ጨዋታው ለሰዎቹ፣ ለጊዜውና ለቦታው የተገባ ይሁን። ከዚህም አልፎ ራሱ ለሌሎች ደስታ ሳይሰጥ የሌሎችንም ደስታ የሚያደናቅፍ ሰው ስሕተት እንደሚሠራ ይናገራል። በሌላ ስፍራ ደግሞ ቁጣ ሁሉ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ በምክንያትና በልክ የሚመራ ቁጣ መልካም ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። እንግዲህ ከፊታችን ያሉት ሁለት መልካም ነገሮች ናቸው፤ የጋራው ዕረፍትና የተበደለው ሰው ተገቢ ስሞታ። ጥያቄያችንን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው።

የኔዘርላንድስ ተወላጅ የሆነው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው በ1938 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ጊዜና የራሱ ሕግ ያለው የታጠረ ዓለም መሆኑን አሳይቷል። በዚያም አንድ አስገራሚ ነገር ያስተውላል፤ ተጫዋቾች ከአታላዩ ይልቅ ጨዋታ አፍራሹን አጥብቀው ይጠላሉ። አታላዩ ቢያንስ በጨዋታው ሕግ የሚያምን መስሎ ይታያል፤ ጨዋታ አፍራሹ ግን ዓለሙን ራሱን ያፈርሰዋል። ብሶቱን በጨዋታ መካከል የሚያፈስ ሰው ምንም ክፋት ሳያስብ ይህን ያደርግ ይሆናል። ሌሎቹም በየበኩላቸው ከባድ ቀን አሳልፈው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሸክማቸውን ከደጅ አኑረው የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ይዘነጋል።

ጭንብሉ ምን ይሸፍናል?

አማርኛ ተናጋሪ በጭንብል መናገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ሰምና ወርቅ አለው። በቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን ይነገራል፤ ወርቁ ከውስጥ ይደመጣል። ሰሚውም ሁለቱንም ስለሚሰማ ይደሰታል። በአዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጥ ሰው የልቡን በሌላው አፍ ያስነግራል፤ አዝማሪውም የተሰጠውን መልሶ ይዘፍናል። በዚህ መንገድ በግልጥ ቢባል ጠብ የሚያስነሣ ነገር በዋዛ ሲያልፍ ኖሯል። እንግዲህ በገጸ ባሕርይ ተሸፍኖ ስለ ዓለም፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ኑሮ የራስን አስተያየት መናገር በራሱ ነውር ነው አንልም። ጥሩ ተጫዋች የራሱን ኀዘን ለፈጠረው ሰው አበድሮ ጨዋታውን ሊያከብረው ይችላል።

ነገሩ የሚለወጠው ወርቁ ወደ አንድ ሰው የተወረወረ ፍላጻ ሲሆን ነው። ከባልንጀራው ጋር የተቀያየመ ተጫዋች በገጸ ባሕርዩ አፍ ያንን ባልንጀራውን ቢሰድበውና ቢያዋርደው፣ ተሰዳቢው በሁለት እሳት መካከል ይቆማል። ዝም ቢል ተዋረደ፤ በራሱ ስም ቢመልስ «ጨዋታ አይደለም እንዴ? ምን አስቆጣህ?» ይባላል። ሰዳቢው እንደ ራሱ ይናገራል፤ የሚጠየቀው ግን እንደ ገጸ ባሕርዩ ነው። ኢፍትሐዊነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን የመመለስ መብት ነፍጎ መናገር ክርክርም ጨዋታም አይደለም። የጨዋታው መሪ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። መሪው ሕጉንና ትረካውን በእጁ ስለያዘ፣ ቂሙን የጨዋታውን ዓለም ዕጣ አስመስሎ ሊወጣው ይችላል፤ የተቀየመው ሰው ገጸ ባሕርይ «በአጋጣሚ» ይሞታል፣ «በአጋጣሚ» ይዘረፋል።

ጭንብል ተጠያቂነትን እንደማያስቀር ከሁሉ ይልቅ ያስተማረው በ1993 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። ፓቬል ከርቲስ የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በ1990 ዓ.ም. «ላምዳሙ» የተባለ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ምናባዊ ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያ ቤት «ሚስተር ባንግል» የሚል ስም የያዘ አንድ ተሳታፊ በፕሮግራም ብልሃት በመጠቀም፣ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት በብዙዎች ፊት አሳፋሪና ጨካኝ ነገር የሚያደርጉና የሚደረግባቸው አስመስሎ ጻፈ። የተነካ አካል አልነበረም፤ ሁሉም ቃል ነበር። ሆኖም የተዋረዱት ሰዎች ያለቀሱት እውነተኛ ዕንባ ነበር። የቤቱ አባላት ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ፤ ከአንድ ውሳኔ ላይ ሳይደርሱም ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ በራሱ ሥልጣን ሰውዬውን ከቤቱ አስወገደው። ከዚያ በኋላ ከርቲስ አባላቱ በአቤቱታና በድምፅ የሚወስኑበትን ሥርዓት ዘረጋ። ጁልያን ዲቤል የተባለ ጋዜጠኛ ይህን ታሪክ በዚያው ዓመት በኒው ዮርኩ «ቪሌጅ ቮይስ» ጋዜጣ ጽፎታል።

ይህ ድርጊት ብሶትን ከማፍሰስ እጅግ የከፋ ነው። የጠቀስነው ሁለቱን እኩል ለማድረግ ሳይሆን አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ ከጭንብሉ በስተጀርባ የሚናገረውም ሰው ነው፣ የሚሰማውም ሰው ነው። «ገጸ ባሕርዬ እንጂ እኔ አልተናገርሁም» የሚል ምክንያት ኅሊናን ነጻ አያወጣም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲባል ስለ ተነገረ ቃል ከሆነ፣ ተጽፎ ስለሚቀር ቃልማ ምን ይባል ይሆን?

«ይውጣልኝ» የሚለው ሐሳብ

ብሶትን ማፍሰስ ይገባል የሚሉ ወገኖች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው። የታመቀ ነገር ይፈነዳል፤ ስለዚህ በየትም ስፍራ ቢሆን ይተንፈስ ይላሉ። በተለይ እኛ «ሆድ ይፍጀው» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ክርክር በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። ሆድ የፈጀው ብዙ ነገር ሆድን ራሱን ፈጅቷልና።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሐሳብ ምስክር ተደርገው የሚጠሩትን ሊቃውንት ቀረብ ብለን ብንመረምር የሚናገሩት ሌላ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። አርስጣጣሊስ ስለ ነፍስ መንጻት የተናገረው ስለ ትራጄዲ ነው፤ በሥርዓት የተዋቀረ ድርጊት በተመልካች ላይ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ የሚያደርሰውን ፍሬ እንጂ፣ ሰው በጉባኤ መካከል የሚያወርደውን ስሞታ አይመለከትም። የቪየናው ሐኪም ዮሴፍ ብሮየር ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር በ1895 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዲት ታካሚ ይተርካል። ታካሚዋ በመናገር የምታገኘውን ፈውስ የጢስ ማውጫን ከመጥረግ ጋር አመሳስላው ነበር፤ የተናገረችው ግን ሊሰማት ለተቀመጠ ለአንድ ሐኪም ነው። ያዕቆብ ሌቪ ሞሬኖ በቪየና ጀምሮ በኋላ በአሜሪካ ያስፋፋው ሳይኮድራማ የተባለው ሕክምናም ሰዎች ሚና ይዘው ሥቃያቸውን እንዲጫወቱት ያደርጋል። በዚያ ግን መሪ አለ፤ ተሳታፊዎቹም ለዚሁ ጉዳይ ፈቅደው የመጡ ናቸው፤ ጨዋታው ሲያበቃም ሁሉም በየራሱ ስም የተሰማውን የሚካፈልበት ጊዜ አለ። በሁሉም ዘንድ ለሚፈሰው ነገር ዕቃ ተዘጋጅቶለታል፤ ሊሰማ የተስማማ ሰው፣ የተወሰነ ቦታ፣ የታወቀ ማብቂያ።

በአገራችንም የለቅሶ ሥርዓት ይህንኑ ያሳያል። በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የራስዋን የቆየ ኀዘን የምታለቅስ ሴት ማንም አይነቅፋትም፤ ቦታው የዕንባ ቦታ ነውና። አልቃሿ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ድንኳኑም በቀኑ ይነሣል። ያችው ሴት ያንኑ ሙሾ በሠርግ ቤት ብታወርደው ግን ኀዘንዋ ያው ሆኖ ሳለ ተግባርዋ ሌላ ይሆናል። የሚለየው የዕንባው እውነተኛነት ሳይሆን ቦታውና ጊዜው ነው።

የዘመናችን ምርምርም «ይውጣልኝ» የሚለውን ሐሳብ አይደግፍም። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 ዓ.ም. ያሳተመው ጥናት በ600 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነበር። ተማሪዎቹ የጻፉት ጽሑፍ ክፉኛ እንዲነቀፍ በማድረግ አስቆጧቸው። ከዚያም አንደኛው ክፍል ያስቆጣውን ሰው እያሰበ የቦክስ ጆንያ እንዲመታ፣ ሁለተኛው ስለ ሰውነት ማጠንከር እያሰበ እንዲመታ ተደረገ፤ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ተቀመጠ። ያስቆጣቸውን እያሰቡ የመቱት ከሁሉ ይልቅ ተቆጥተው፣ ከሁሉ ይልቅም ለመበቀል ፈጥነው ተገኙ፤ ምንም ሳያደርጉ የተቀመጡት የተሻሉ ሆኑ። በ2024 ዓ.ም. ሶፊ ሼርቪክና ይኸው ቡሽማን 154 ጥናቶችን አሰባስበው ባሳተሙት ምርመራም፣ ቁጣን የሚያበርደው ሰውነትንና አሳብን የሚያሰክን ነገር እንጂ የሚያግል ነገር እንዳልሆነ አሳይተዋል። እሳትን በማራገብ ማጥፋት አይቻልም።

ታዲያ ዝም ማለት ይሻላል ማለት ነውን? አይደለም። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በሕይወታቸው ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። ድርጊቱንም ስሜታቸውንም አጣምረው የጻፉት በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አነሰ። ፔንቤከር ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው ምርመራዎች የበለጠ የተጠቀሙት፣ በጽሑፋቸው «ምክንያቱም» እና «አሁን ገባኝ» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት እየጨመሩ የሄዱት መሆናቸውን አስተዋለ። ከዚህ የምንማረው ብሶትን መግለጥና ብሶትን ማፍሰስ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የሚገልጥ ሰው ነገሩን ለመረዳት ይናገራል፤ የሚያፈስ ሰው ግን ያንኑ ነገር በሌሎች ላይ ያዛውራል።

ብሶቱ የልብ ጩኸት ሲሆን

እስካሁን ያልነው ሁሉ እውነት ቢሆንም ብቻውን ከተወሰደ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። በጨዋታ መካከል የሚያማርር ሰው ሁሉ ጨዋታ አፍራሽ አይደለም። አንዳንዱ የሚናገርበት ሌላ ስፍራ የለውም። ቤቱ የማይሰማው፣ ጎረቤቱ የማያውቀው፣ ወደ ካህን ወይም ወደ መምህር ለመሄድ የሚፈራ ወጣት፣ ፊታቸውን አይቶ ለማያውቃቸው የጨዋታ ባልንጀሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደክሞኛል» ይል ይሆናል።

ለዚህ የማትስ ስቴንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ማትስ በ1989 ዓ.ም. የተወለደ ኖርዌያዊ ሲሆን፣ ጡንቻን እያደከመ በሚሄድ ዱሼን በሚባል ሕመም የተያዘ ነበር። በ25 ዓመቱ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈ። ወላጆቹ ልጃቸው ወዳጅ ሳያፈራ ብቻውን ኖሮ እንደሞተ ያስቡ ነበር። የሞቱን ዜና ካሳወቁ በኋላ ግን ከልዩ ልዩ አገሮች የኀዘን ደብዳቤዎች ይጎርፉላቸው ጀመር። ልጃቸው በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ «ኢብሊን» በሚል ስም፣ «ስታርላይት» የተባለ የጨዋታ ማኅበር አባል ሆኖ ለዓመታት ኖሮ ነበር። የማኅበሩ አባላት ከሌሎች አገሮች ተጉዘው በቀብሩ ላይ ተገኙ። ቤንጃሚን ሪ የሠራውና በ2024 ዓ.ም. የወጣው ዘጋቢ ፊልም ይህን ታሪክ ለብዙዎች አሳውቋል።

ማትስ ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ከባልንጀሮቹ ደብቆ ነበር። በዚያ ዓለም ኢብሊን ይሮጣል፤ ማትስ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ፊልሙ ሁልጊዜ ደግ እንደነበረ አድርጎ አይሥለውም፤ የተሸከመውን ሳይናገር በቆየበት ጊዜ ወዳጆቹን ያስቀየመባቸው ቀናት እንደነበሩም ያሳያል። በመጨረሻ ግን በራሱ ስም ስለ ሕመሙ በጽሑፍ ገለጠ፤ ባልንጀሮቹም ለምን እንዲህ እንደነበረ ተረዱት። የታመቀው ምሬት በጭንብል ሥር ሲወጣ ሰውን አቈሰለ፤ በግልጥና በራሱ ስም ሲነገር ግን ሰውን አቀረበ። ሕመሙ ያው ነበር፤ የተለወጠው የተነገረበት መንገድ ነው።

እንግዲህ የሚናገረው ሰው ልክ ሊያውቅ እንደሚገባው ሁሉ የሚሰሙትም ግዴታ አለባቸው። ሁልጊዜ ደስተኛ የነበረ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን ደጋግሞ ለሞት የሚዳርግ ከሆነ፣ ወይም ያለ ምክንያት በሁሉ ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ ባልንጀሮቹ «ጨዋታችንን አበላሸህ» ከማለታቸው በፊት ለብቻው ወስደው «ደኅና ነህን?» ሊሉት ይገባል። የጋራው ደስታ ክቡር ነው፤ ከሰው ነፍስ ግን አይበልጥም።

በተግባር ምን እናድርግ?

ከላይ የጠቀስናቸውን የቅዱስ ቶማስን ሦስት ጥንቃቄዎች ወደ ኅሊና ጥያቄዎች ልንለውጣቸው እንችላለን። ብሶቱን ሊናገር የተነሣ ሰው ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ ቃል ከመካከላችን የሚጎዳው አለን? የምናገረው እኔ ነገሩን ይዤ ነው ወይስ ነገሩ እኔን ይዞኝ ነው? እነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ይህን ለመሸከም ተስማምተዋልን? ለሦስቱም ቀና መልስ ካገኘ ይናገር። ካላገኘ ግን ነገሩን ሌላ ስፍራ ይውሰደው እንጂ በሆዱ ይቅበረው አንልም። ሌላው ስፍራ አንድ የታመነ ወዳጅ፣ የነፍስ አባት፣ ወይም ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ቅሬታው በማኅበሩ በራሱ ላይ ከሆነ ደግሞ በገጸ ባሕርይ አፍ መናገሩ ቀርቶ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በፊት ወይም ካበቃ በኋላ፣ በራስ ስም፣ ለሚመለከተው ሰው በቀጥታ ይነገር። የሚመለከተው ሰው ሊመልስ ይችላልና ይህ ፍትሐዊ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ለዚህ የሚሆኑ ሥርዓቶችን አበጅተዋል። ከመጀመራቸው በፊት ስለ ምን እንደሚጫወቱና ምን እንደማይነኩ የሚነጋገሩበት ጊዜ አላቸው። ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ የኒው ዮርክ የጨዋታ መሪ ያስተዋወቀው ልማድም አለ፤ «ኤክስ» የሚል ምልክት ያለበት ካርድ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፣ ትረካው ልቡን የነካው ሰው ካርዱን ይነካል፣ ምክንያቱን ሳይጠየቅም ያ ነገር ይታለፋል። ቀላል ቢመስልም በውስጡ ታላቅ አክብሮት አለ፤ ሰውዬው ቁስሉን በአደባባይ እንዲያሳይ ሳያስገድድ ቁስል እንዳለበት ያምንለታል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ቃል እንጨምራለን። ወጣቶቻችን በጨዋታ ስላጋጠማቸው ጠብ ወይም ኀዘን ሲነግሩን «ጨዋታ እኮ ነው፤ ተወው» ብለን የምናልፍ ከሆነ ሁለት ነገር እናጠፋለን። በቃል የቈሰለውን ቁስልህ እውነት አይደለም ማለታችን ነው፤ ያቈሰለውንም በጭንብል የሠራኸው አይቈጠርብህም ማለታችን ነው። ከዚያ ይልቅ እንጠይቃቸው፤ ማን ተናገረ? ለማን? በራሱ ስም ነው ወይስ በገጸ ባሕርዩ? የተነገረው ሰው ሊመልስ ችሎ ነበርን? እነዚህ ጥያቄዎች በጨዋታው ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን በቤት፣ በትምህርት ቤትና በሰበካ ጉባኤም የሚያገለግሉ ናቸው።

በመጨረሻም፣ ብዙ ሰው ብሶቱን በጨዋታ መካከል የሚያፈሰው በሌላ ስፍራ ስለማይጠየቅ መሆኑን አንዘንጋ። በየቁምስናችን፣ በየቤታችን «እንዴት ነህ?» ብለን ጠይቀን መልሱን እስከ መጨረሻ ለመስማት ከተቀመጥን፣ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ ስሞታም የሚገባውን ጆሮ ያገኛል።